በአሮጌ ላንድሮቨር የፊት እግርና የመሪ ድምፅ ስለ መመርመር

አውቶሞቢል በደኅና ቀኑም ቢኾን ዝም ብሎ አይሄድም፤ ሞተሩ ያጓራል፥ ቆርቆሮው ይንኳኳል፥ ጎማውም ከጠጠሩ ጋራ ይፋጫል። ሹፌሩ ይህን ኹሉ ስለ ለመደው ልብ አይለውም። ትናንት ያልነበረ ድምፅ ዛሬ ከፊት እግሩ ወይም ከመሪው ሥር የተሰማ እንደ ኾነ ግን፥ አንድ ዕቃ እንደ ላላ፥ እንደ ደረቀ ወይም እንደ ተበላ ያስታውቃል። ይህም ነገር ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ ታላቅ ጕዳይ ነው። ሕመምተኛን ወደ ሐኪም ቤት፥ እኽልን ወደ ገበያ፥ መጻሕፍትን ወደ ተማሪ ቤት የሚያደርስ አንድ አሮጌ መኪና ብቻ በሚገኝበት አገር፥ የመኪናው ደኅንነት የሹፌሩ ብቻ ሳይኾን የመንደሩ ኹሉ ዐሳብ ነው።

በዚህ ነገር ሰው በኹለት መንገድ ይሳሳታል። አንደኛው ድምፁን ቸል ብሎ መንዳት ነው። የመሪ ማጋጠሚያ እየተበላ ሄዶ በመጨረሻ የተለያየ እንደ ኾነ፥ ሹፌሩ መሪውን ቢያዞር ጎማው አይታዘዝለትም፤ ይህም በዓባይ በረሓ ቍልቍለት ወይም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ቢደርስ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም። ኹለተኛው ሳይመረምሩ በግምት ዕቃ መለወጥ ነው። ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ ያልተበላሸ ዕቃ ይገዛበታል፤ ድምፁም እንደ ነበረ ይቀራል። ስለዚህ ዳኛ በአንድ ምስክር ብቻ እንዳይፈርድ፥ መርማሪም በዦሮው ብቻ አይፍረድ። ዦሮ ይጠረጥራል፤ የሚያስረዱት ግን ዐይንና እጅ ናቸው።

ስለ መኪናው አሠራር

ላንድሮቨር መዠመሪያ ለሕዝብ የታየው በአምስተርዳም ከተማ ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮጳ አቈጣጠር 1948 ነው። ከዚያ ዠምሮ በአውሮጳ አቈጣጠር እስከ 1985 ድረስ በሦስት ተከታታይ ዐይነት ተሠራ። ሦስቱም በፊትና በኋላ በባሌስትራ ላይ የቆሙ ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ምርመራ በተለይ ለኹለተኛውና ለሦስተኛው ዐይነት ይስማማል።

የመሪው ሥራ እንደ መልእክት ቅብብል ነው። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር በመሪው ግንድ ታች ያለው የመሪ ሳጥን ይሠራል። ከሳጥኑ የወጣው ክንድ አንድ ረዥም ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል ወይም ወደ ኋላ ይስባል። ይህ ዘንግ በመኪናው ግንባር በቴላዮው ውስጥ ተተክሎ የቆመውን ማቀበያ ያዞራል። ከማቀበያው በታች ያለው ክንድ በኹለተኛ ዘንግ አንዱን ጎማ ይመራል፤ ሦስተኛው ዘንግ ደግሞ ኹለቱን የፊት ጎማዎች አያይዞ አብረው እንዲዞሩ ያደርጋል። ዘንጎቹ ሦስት ስለ ኾኑ፥ በየጫፋቸውም አንዳንድ ማጋጠሚያ ስላለ፥ ማጋጠሚያዎቹ ስድስት ናቸው። ሠራተኞች ቴስቲና የሚሉት ይህን ነው። በውስጡ ኳስ የመሰለ የብረት ራስ አለ፤ ላዩም ከአቧራ በሚጠብቀው ጎማ ተሸፍኗል።

ጎማው ራሱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞረው ከላይና ከታች በተተከሉ ኹለት የመዞሪያ ፒኖች ላይ ነው። በእነዚህ መካከል ክብና ልስልስ የኾነ የብረት ቤት ይታያል፤ በውስጡም ዘይት አለ። ኀይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ክሮቼራ በዚሁ ቤት ውስጥ ይዞራል።

በጕዞ ጊዜ ስለ መስማት

ምርመራ የሚዠመረው ቍልፍ በማንሣት ሳይኾን በመጠየቅ ነው። ድምፁ የሚሰማው መቼ እንደ ኾነ ሹፌሩ በደብተር ይጻፍ፤ መጻፍ የማያውቅ ቢኾን አስተማሪው ይጻፍለት።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር የሲጥሲጥታ ድምፅ ቢሰማ፥ ማቀበያው ወይም የመዞሪያው ፒን ደርቆ ይኾናል። በዚያው ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ቋ የሚል ቢኾን፥ ከስድስቱ ማጋጠሚያዎች አንዱ ተበልቶ፥ ወይም የመሪ ሳጥኑ ብሎኖች ላልተው ይኾናል።

በትንንሽ ጕድጓድ ላይ ሲሄድ ቶሎ ቶሎ የሚንኳኳ እንደ ኾነ፥ የባሌስትራው ማንጠልጠያ ቦኮላ ወይም የአሞርዛተሩ ጎማ ይጠረጠራል። ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ፥ ሲነሣም አንድ ጊዜ ከባድ ድምፅ የሚሰጥ ቢኾን፥ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋራ ያሰሩት የታጠፉት ብሎኖች ላልተው ይኾናል።

ከፍጥነቱ ጋራ የሚያድግና በመታጠፊያ ላይ የሚለወጥ ጕምጕምታ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው። ነገር ግን ለጭቃ የተሠራ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማም በጥሩ መንገድ ላይ ይጐመጕማልና፥ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። የፊት ጎማዎች ኀይል ይዘው በሚታጠፉበት ጊዜ ብቻ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከጎማው ውስጥ ቢሰማ፥ ክሮቼራው ይጠረጠራል። ዳግመኛም ይህ መኪና የፊቱንና የኋላውን ዘንግ ፍጥነት የሚያስማማ ማለያያ በመካከል የለውም፤ ስለዚህ በደረቅና በጠንካራ መንገድ ላይ የፊት ኀይሉን አስገብቶ የሚነዳ ሰው መሪው ይከብደዋል፥ ዕቃውም ይጐዳል። እንዲህ ያለው ጠባይ ከአነዳድ የመጣ እንጂ ከዕቃ መበላሸት የመጣ አይደለም።

በቆመበት ስለ መመርመር

አስቀድሞ የቀላሉ ነገር ይታይ። የጎማ ዳዶዎች ጠብቀው እንደ ኾነ፥ የጎማው ነፋስ በኹለቱም በኩል ትክክል እንደ ኾነ፥ ከፊት መከላከያው ወይም ከዕቃ ሣጥኑ የላላ ነገር እንዳለ ይመርመር። ብዙ ጊዜ የሚያስፈራው ድምፅ ከላላ ክሪክ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ለኋላ ጎማዎችም ከፊትና ከኋላ ድንጋይ ይደረግ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይኾን ወደ ኋላ የሚሄደውን የኀይል ዘንግ ነው፤ ስለዚህ ከኋላ ጎማዎች አንዱ ብቻ ቢነሣ መኪናው ሊንከባለል ይችላል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ ጠንካራ ግንድ ወይም የብረት መቆሚያ ይደገፍበት። ሕፃናትም ከሩቅ ኾነው ይመልከቱ።

የመዠመሪያው ምርመራ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ይደረጋል። አንድ ሰው መሪውን በጥቂቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያወዛውዝ፤ ሌላው እጁን በስድስቱ ማጋጠሚያዎች ላይ በተራ ያኑር። አንዱ ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላው ወገን ቈይቶ የሚከተል ከኾነ ያ ማጋጠሚያ ተበልቷል፤ መለወጥ እንጂ ማጥበቅ አያድነውም። ሲለወጥም ዳዶውን እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ በቀዳዳው መግባቱ ይታይ። በዚያው ጊዜ ማቀበያው በቴላዮው ውስጥ ይነቃነቅ እንደ ኾነ፥ የመሪ ሳጥኑም ከመኪናው አካል ጋራ ሲጫወት ይታይ እንደ ኾነ መመልከት ይገባል።

የኹለተኛው ምርመራ የባሌስትራ ነው። በታጠፉት ብሎኖች ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም አዲስ የተፋቀ ብረት ቢታይ መፍታታቸውን ይመሰክራል። ባሌስትራውን የሚሰበስበው የመካከሉ ብሎን ከተሰበረ ደግሞ አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ይህም የፊት ጎማው ከኋላው ጎማ ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ በገመድ በመለካት ይታወቃል። ማንጠልጠያውን በብረት ዘንግ ሲያነሣሡት በቦኮላው ላይ ቢጫወት ቦኮላው ይለወጥ።

ሦስተኛው ምርመራ ከኹሉ ይልቅ የሚያስተምረው ነው። አንዱ የፊት ጎማ በክሪክ ይነሣ። መርማሪው ጎማውን አንዱን እጅ ከላይ፥ አንዱን ከታች አድርጎ ይነቅንቀው። ጎማው ቢጫወት ኹለት ዕቃዎች ይጠረጠራሉ፤ የጎማው ኩሽኔታና የመዞሪያው ፒን። እነዚህን ለመለየት ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፥ መርማሪውም ዳግመኛ ይነቅንቅ። ፍሬኑ ሲያዝ ጎማውና ተሸካሚው አካል አንድ ይኾናሉና፥ መጫወቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ መጫወቱ ሳይጠፋ ከቀረ ግን የፒኑ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ዳዶ ሳይፈታ የአንዱ ዕቃ ንጽሕና፥ የሌላው ጥፋት ይገለጣል። ከዚያ በኋላ እጆቹን በግራና በቀኝ አድርጎ ቢነቀንቅና መጫወት ቢያይ፥ ወደ ዘንጎቹ ማጋጠሚያ ይመለስ።

በክቡ ቤት ውስጥ ያለው ዘይትም ይታይ። ዘይቱ ከማኅተሙ እየፈሰሰ ካለቀ ፒኖቹም ክሮቼራውም ያልቃሉ። ያረጀ ማኅተም ርካሽ ነው፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ግን ውድ ነው።

ስለ ማቀበያው ማስጠንቀቂያ

መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀናው የማይመለስ፥ ሲዞርም የሚያለቅስ ከኾነ፥ ማቀበያው ደርቋል ማለት ነው። ሥራው በዘይት ስለ ኾነ አስቀድሞ ዘይት ይጨመርለት። መፍታት ቢያስፈልግ ግን ያልተማረ ሰው አይንካው። በውስጡ እጅግ የተጨመቀ ጠንካራ ሞላ ታስሯል፤ ቤቱ ያለ ጥንቃቄ ሲከፈት ሞላው እንደ ጥይት ወጥቶ ሰውን ሊያቈስል ይችላል። ይህ ሥራ መያዣ መሣሪያ ላለው የሠለጠነ ሠራተኛ ይተው።

የመሪ ሳጥኑን ስለ ማጥበቅ

መሪው ሲላላ ብዙ ሰዎች መዠመሪያ የሚነኩት በመሪ ሳጥኑ ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ነው። ይህ በሽታውን ትቶ ምልክቱን እንደ መሸፈን ያለ ነው። ሳጥኑ ከኹሉ ይልቅ የሚበላው መሪው ቀጥ ብሎ በሚቆምበት በመካከሉ ነው፤ ምክንያቱም መኪና የሚበዛውን ጕዞ ቀጥታ ይሄዳል። በመካከሉ ያለው ልልነት እስኪጠፋ የተጠበቀ ሳጥን፥ ወዲህና ወዲያ ሲታጠፍ ይይዛል፤ ከመታጠፊያም አይመለስም። የላላው ማጋጠሚያ ደግሞ እንደ ላላ ይኖራል። ስለዚህ ስድስቱ ማጋጠሚያዎች፥ ማቀበያው፥ ፒኖቹና ኩሽኔታዎቹ ንጹሓን መኾናቸው ሳይታወቅ ሳጥኑ አይነካ።

ማጋጠሚያ ከተለወጠ በኋላ የፊት ጎማዎች አቀማመጥ ይለካ። በእነዚህ መኪናዎች ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከኋላቸው ይልቅ ከ1.2 እስከ 2.4 ሚሊሜትር ያህል መቀራረብ አለባቸው። ይህ ከጠፋ መሪው ይንከራተታል፥ አዲስ ጎማም በጥቂት ጊዜ በአንድ ወገን ተፍቆ ያልቃል።

ለአስተማሪዎችና ለሽማግሎች

ከተገኙት ጥፋቶች ሊዘገዩ የሚችሉና የማይችሉ አሉ። የአሞርዛተር ጎማ ወይም የማንጠልጠያ ቦኮላ እስከሚቀጥለው የከተማ ጕዞ በቀስታ እየተነዳ ሊቈይ ይችላል። ነገር ግን የተበላ ማጋጠሚያ፥ የተፈታ የባሌስትራ ብሎን፥ የተሰበረ የመካከል ብሎን፥ እጅግ የሚጫወት የጎማ ኩሽኔታ የተገኘ እንደ ኾነ፥ መኪናው እስኪጠገን ሰው አይጫንበት። ሹፌሩ ስለ ችኰላ ወይም ስለ ኀፍረት እንሂድ ቢል፥ ሽማግሎች በጨዋነት ይከልክሉት፤ ለዕቃው መግዣም ሳይዘገዩ ገንዘብ ያሰባስቡለት፤ ከልክሎ መርዳትን መተው አይገባምና።

አስተማሪውም የምርመራውን ደብተር በተማሪ ቤቱ ያኑር። በርሱም ድምፁ የተሰማበት ቀን፥ የተሰማበት ኹኔታ፥ በእጅና በዐይን የተገኘው ማስረጃ፥ የተለወጠውም ዕቃ በየተራው ይጻፍ። መኪናው ወደ ከተማ ሲወርድ ደብተሩ አብሮ ይሂድ፤ ሠራተኛው ከግምት እንዳይዠምርና የሕዝቡ ገንዘብ ለተበላሸው ዕቃ ብቻ እንዲውል ይረዳል።