ሶላር ብርድ አይፈራም

«እንጅባራ ብርድ ነው፤ ሶላር እዚህ አይሠራም» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሶላር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከፀሐይ ብርሃን እንጂ ከሙቀቷ አይደለም። የሲሊከን ሰሌዳ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ብርሃኑ እኩል ከሆነ፣ በጠራ የጥቅምት ቀን እንጅባራ ላይ የተተከለ ሰሌዳ መተማ ቆላ ካለው የተሻለ ያመርታል። የባትሪንም ዕድሜ የሚያሳጥረው ሙቀት እንጂ ብርድ አይደለም።

እንጅባራ ያለችበትን አዊን የሚፈትነው ክረምቱ ነው። ወፍራም ደመና ቀኑን ሙሉ ሲጋርድ የሰሌዳው ምርት ወደ ሩብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። በጥቅምት ፀሐይ በተለካ ሶላር የሚሠራ የቴሌ ማማ ነሐሴ ላይ ቢጠፋ ታዲያ ጥፋቱ የሶላሩ አይደለም፤ የለኪው ነው። ሰሌዳውም ባትሪውም በነሐሴ ልክ መሰፋት አለባቸው።

የማማ መጥፋት የመንገድ ጉዞንም በቀጥታ ይነካል። «ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» የሚሉ ሹፌሮች አሉ። ጂፒኤስ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ምልክት እየተቀበለ ቦታውን ያሰላል፤ ለዚህ ሲም ካርድ አያስፈልገውም። ኔትወርክ የሚፈልገው ያሰላውን ለመላክ ነው። ብዙዎቹ የመኪና መከታተያዎች መዝግበው ይይዙና ኔትወርክ ሲያገኙ ይልካሉ። መረጃው አይጠፋም፤ ይዘገያል እንጂ። ለሒሳብ ሠራተኛ መዘግየቱ ምንም አይደለም። ከቲሊሊ ወደ እንጅባራ በጉም ውስጥ ለሚመጣ አውቶቡስ ግን፣ ፊት ለፊቱ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቶ መቆሙን የሚነግር መልእክት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢደርስ ሕይወት አያድንም።

ዝናብ ኔትወርክ ያጠፋል የሚባለውም በከፊል ብቻ ነው እውነቱ። ኃይለኛ ዝናብ ከማማ ወደ ማማ የሚተላለፈውን ከፍተኛ ሞገድ ሊያደክም ይችላል፤ በስልክና በማማ መካከል ያለውን ግን እምብዛም አይነካውም። ዝናቡ ሲመጣ መብራቱም ስለሚሄድ ሁሉም በዝናቡ ያሳብባል።

ሌላው ስሕተት ታዳሽ ኃይል ማለት ሶላር ብቻ ነው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ከጣና ውኃ የሚያመነጨው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የ5,150 ሜጋ ዋቱ ሕዳሴ ግድብም ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል በሚሄደው መንገድ ይደረሳል። ስለዚህ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘ የዳንግላ ማማ ቀድሞውኑ በታዳሽ ኃይል ነው የሚሠራው። የናፍጣ ጄኔሬተር የሚነሣው መብራት ሲቋረጥ ነው። ሶላርና ባትሪ መተካት ያለባቸውም ያንኑ ጄኔሬተር ነው፤ ማማ ሲተከል መጠየቅ ያለበትም ባትሪው በነሐሴ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚያቆየው ነው።