ሰም በላዋ

ንብ አናቢ ካገኛችሁ ስለ ሰም እራት ጠይቁት፤ እርግማኑን ትሰማላችሁ። ሳይንሱ ጋሌሪያ ሜሎኔላ የሚላት፣ አመድማ፣ ከዓይን የማትገባ ትንሽ የእሳት እራት ናት። በአገራችን ቀፎዎችም ውስጥ አለች።

እናቲቱ ሲመሽ ትመጣና በቀፎው ስንጥቅ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ህብረ ንቡ ጠንካራ ከሆነ ትሎቹን ለቅሞ ያወጣል። አውራዋ የሞተችበት ወይም የሳሳ ከሆነ ግን አለቀለት! ትሎቹ የማር እንጀራውን እየቦረቦሩ፣ መንገዳቸውን በድር እየሸፈኑ ይዘልቃሉ። የሚገርመው፣ ንጹሕ ሰም ብቻውን አያሳድጋቸውም። የሚመርጡት የጠቆረውን አሮጌ እንጀራ ነው፤ የአበባ ዱቄትና የንብ ዕጮች የጣሉት ቆዳ የተጠራቀመበትን። ሲጠግቡ የቀፎውን እንጨት ሳይቀር ፍቀው ያጎደጉዱና የሐር ጎጇቸውን እዚያ ይሠራሉ። ከጎጆው የምትወጣው እራት ደግሞ ምንም አትበላም፤ በትልነቷ ባከማቸችው ስብ ጥቂት ሳምንት ኖራ ትሞታለች።

እ.ኤ.አ. በ2017 ስፔን ውስጥ ፌዴሪካ ቤርቶቺኒ የተባለች ተመራማሪ (ንብም ታንብ ነበር) ከቀፎዋ የለቀመቻቸው ትሎች የከተተችበትን ፌስታል በስተው ሲወጡ አይታ ጥናቷን አሳተመች። ዓለም ጉድ አለ። በ2022 ምራቃቸው ውስጥ ፕላስቲክ የሚሰብሩ ኢንዛይሞች ተገኙ። ምርምሩ ደስ ይላል፤ የከተማን ቆሻሻ ትል ይበላልናል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። ትሉ ፕላስቲክ ብቻ በልቶ አይወፍርም።

እኔን የሚያስደምመኝ ግን የእራቷ ጆሮ ነው! መጀመሪያ ነገር፣ ጭንቅላቷ ላይ አይደለም፤ ሆዷ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በግላስጎው የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከ 300 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ድምፅ እንደምትሰማ አሳዩ። የእኛ ጆሮ 20 ላይ ያቆማል። በዚያን ጊዜ ከዚህ የበለጠ በየትኛውም እንስሳ አልተመዘገበም ነበር።

ከሌሊት ወፍ ለማምለጥ ነዋ፣ ትሉኝ ይሆናል። እሱስ ልክ ነው፤ ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ያኔ የጠቀሱት የሌሊት ወፍ ድምፅ ጣሪያ 212 ኪሎኸርዝ ገደማ ነበር። ጆሮዋ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። ደግሞ ሌላ ሥራም አለበት፦ የገዛ ዘሯ ወንዶች ክንፋቸውን እያርገበገቡ እኛ የማንሰማውን ድምፅ ያሰማሉ። ሴቲቱ ስትሰማ በክንፏ ትመልሳለች፤ ያኔ እሱ ሽታውን ይለቅላታል። በአብዛኞቹ የእሳት እራቶች ዘንድ በጠረኗ የምትጠራው ሴቷ ናት፤ እዚህ ቤት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።