የሠራተኛው አሻራና የፈቃድ ጥያቄ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የፊርማ መዝገብ ቦታውን ለአሻራ ማንበቢያ መሣሪያ ሲለቅ አሠሪዎች የሚያቀርቡት ምክንያት በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም ላረፈደ ወይም ለቀረ ባልደረባ የሚፈርም እንዳይኖርና ደመወዝ በተሠራበት ሰዓት ልክ እንዲከፈል ማድረግ ነው። ዓላማው ተገቢ ቢሆንም ከሠራተኛው የሚወሰደው ነገር ከፊርማ እጅግ የተለየ በመሆኑ፣ ጉዳዩ በልዩ ልዩ አገሮች ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

ባዮሜትሪክ መረጃ የሚባለው እንደ ጣት አሻራ፣ የፊት ገጽታና የዓይን ብሌን ያለ፣ አንድን ሰው ከሌላው ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል የአካል መለያ ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጠው የጣቱን ሥዕል ሳይሆን የአሻራው መስመሮች የሚያበቁባቸውንና ለሁለት የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች በቁጥር የሚገልጽ፣ ቴምፕሌት የተባለ መዝገብ ነው። ይህ አደጋውን ይቀንሰው እንጂ አያስቀረውም፤ የይለፍ ቃሉ የተሰረቀበት ሰው ሌላ ቃል ሲያወጣ፣ አሻራው የተሰረቀበት ግን ዕድሜ ልኩን የሚለውጠው ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሰው ኃይል ቢሮ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ መዘረፉ ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ሥጋቱ መላ ምት ብቻ አለመሆኑ ታየ።

ይሁንና የክርክሩ እምብርት ከስርቆቱ ይልቅ ፈቃዱ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ አሻራውን አልሰጥም በማለቱ በ2018 ከሥራ ተሰናብቶ፣ የአገሪቱ የሥራ ጉዳዮች ኮሚሽን የይግባኝ ችሎት በ2019 ስንብቱ አግባብ አልነበረም ሲል ወስኗል፤ የችሎቱ አስተያየትም የቅጣት ወይም የስንብት ማስፈራሪያ ከተሰጠ በኋላ የሚገኝ ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ ሊባል እንደማይችል የሚያሳይ ነበር። እንጀራው በአሠሪው እጅ ያለ ሰው የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ ብቻውን የመብት ዋስትና ሊሆን አይችልምና፣ ይህ ውሳኔ የጉዳዩን ሥር የነካ ነው።

በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ጠበቅ ያለ መንገድ መርጣለች። በ2008 የወጣው ሕጓ አሻራ የሚወስድ ድርጅት ዓላማውንና የሚያቆይበትን ጊዜ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ የሰውየውንም የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድሞ እንዲያገኝ ያስገድዳል፤ ከዚህም በላይ መብቱ የተጣሰበት ሰው ራሱ ከሶ በቸልተኝነት ለተፈጸመ ጥሰት 1,000፣ ሆን ተብሎ ወይም በግድየለሽነት ለተፈጸመ 5,000 ዶላር እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 እያንዳንዱ የጣት ማሳረፍ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው በማለቱ፣ ለዓመታት በየዕለቱ ሲገባና ሲወጣ ጣቱን ያሳረፈ የአንድ ሠራተኛ ካሣ ብቻውን ወደ ሚሊዮኖች ሊደርስ የሚችል ሆነ። ሕግ አውጪው በ2024 ሕጉን አሻሽሎ ካሣው በሰው እንጂ በጣት ማሳረፍ ቁጥር እንዳይሰላ አድርጓል።

ብሪታንያ ጥያቄውን ከአስፈላጊነት ጀምራለች። የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪዋ በየካቲት 2024 ከ2,000 በላይ ሠራተኞችን በፊትና በአሻራ ይቆጣጠር የነበረ የመዝናኛ ማዕከላት ድርጅት አሠራሩን እንዲያቆም ሲያዝ፣ እንደ መታወቂያ ካርድ ያለ ቀለል ያለ አማራጭ እያለ ሠራተኞቹ ምርጫ እንዳልቀረበላቸው አመልክቷል።

በኢትዮጵያም በአሻራ ሰዓት መቆጣጠር በመንግሥትና በግል መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባዮሜትሪክ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል። ስለዚህ ማንኛውም አሠሪ መሣሪያውን ከመስቀሉ በፊት አሻራው የት እንደሚቀመጥ፣ ሠራተኛው ሲለቅ መቼ እንደሚሰረዝ፣ በሲሚንቶ ወይም በእጥበት ሥራ የአሻራው መስመር ስለተፋቀ መሣሪያው የማያነብለት ሠራተኛም ሰዓቱ በምን እንደሚያዝለት በጽሑፍ ሊመልስ ይገባዋል።