«እሮጣለሁ»፣ «ሯጭ ነኝ»፣ «አትሌት ነኝ»፦ የትራያትሌት ስም ከላስታ ደጋ ሲታይ

ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት የሚያከታትል ውድድር ነው። ዘመናዊው ውድድር በስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 በሳን ዲዬጎ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1978 በሃዋይ የተጀመረው «አይረንማን» 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና ሙሉ ማራቶን ይጠይቃል። በ2000 በሲድኒ የኦሊምፒክ ስፖርት ሲሆን ርቀቱ 1.5፣ 40 እና 10 ኪሎ ሜትር ሆነ። ደንቡ ርቀቱን ይወስናል፤ ስሙ ለማን እንደሚገባ ግን አይናገርም። ትራያትሌት የሚባለው አንድ ጊዜ የጨረሰ ነው፣ ዘወትር የሚለማመድ ነው፣ ወይስ ሌሎች ያወቁለት?

ሦስት አጠራሮች

አማርኛ ለጥያቄው የራሱ መሰላል አለው። «እሮጣለሁ» ድርጊትን ብቻ ይገልጻል። «ሯጭ ነኝ» ድርጊቱ ልማድና መታወቂያ መሆኑን ያመለክታል። «አትሌት» ግን ከውጭ የገባ ቃል ይሁን እንጂ እንደ «ዶክተር» ከስም ቀድሞ ማዕረግ ሆኗል፤ አትሌት ደራርቱ ቱሉ፣ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንደሚባለው። ማዕረግን ደግሞ ሌላው ይሰጣል እንጂ ባለቤቱ ለራሱ አያነሣም። በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ብዙ ሕዝብ ሮጥኩ ይላል እንጂ አትሌት ነኝ አይልም።

«ዋናተኛ» እና «ብስክሌተኛ» በመካከለኛው እርከን ላይ ይቆማሉ። «ትራያትሌት» ግን ከታቹ የሚረግጠው የአማርኛ እርከን የለውም። ቃሉን የሚያነሣ ሰው ያለ ግሥና ያለ አድራጊ ስም በቀጥታ ወደ ማዕረጉ ይወጣል።

ስሙን የሚሰጠው ማን ነው?

የ2016 ክረምት ሦስቱን ስፖርቶች ጎን ለጎን ለማየት ያስችላል። በሪዮ ኦሊምፒክ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ 1:04.95 ዋኝቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻ ወጣና መሳለቂያ ሆነ። ሦስቱም በየስፖርታቸው አገራቸውን ወክለዋል ወይም ፈር ቀድደዋል፤ የተቀበላቸው ዓይን ግን አንድ አልነበረም። የሩጫው ስም ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል ጀምሮ ለስድሳ ዓመታት ያህል መመዘኛ ሲሠራለት ኖሯል። በዋና ግን ሕዝቡ ሯጮቹን በለካበት መስፈሪያ ዋናተኛውን ለካ።

በአዲስ አበባ ከሯጮች ጋር እየሮጠ ጥናት ያካሄደው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮሊ እንዳሳየው፣ በሯጮቹ ዘንድ ብቻ መሮጥ ለጤና ይበጃል፤ ሰው የሚለወጠው ግን ከሌሎች ጋር ሲሮጥ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ሯጭነት በግል ውሳኔ ብቻ የሚጸና አይደለም፤ አብሮ በመልፋት የሚገኝ ነው።

የሙጃው ወጣት

በላስታ ደጋ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ፣ ዳገትና ቁልቁለት የዕለት መንገድ ነው። በግዳን ወረዳ፣ በሙጃ፣ መሮጥ የሚሻ ወጣት መንገዱን ከደጁ ያገኛል። የውድድር ብስክሌት ግን ገንዘብ፣ መለዋወጫና የሚጠግን ባለሙያ ይፈልጋል። ከወሎ ሐይቆች ስመ ጥሮቹ ሎጎ ሐይቅና አርዲቦም በደቡብ ወሎ ናቸው። ይህ ወጣት ጽናትና ሳንባ ቢኖረውም ትራያትሌት ነኝ ለማለት የሚጎድለው ችሎታ ሳይሆን ውኃና መሣሪያ ነው። ስሙ በሌላ አገር የግል ምርጫ መስሎ የሚታየው ገንዳው፣ ብስክሌቱና ትርፍ ጊዜው አስቀድመው ስለተሟሉ ነው።

ስሙ ሲጠብቅና ሲላላ

በ1993 ብሩወር፣ ቫን ራልቴና ሊንደር «የአትሌትነት ማንነት» መለኪያን አቀረቡ። ማንነት የሚሉት አንድ ሰው ራሱን ከአትሌትነት ሚና ጋር የሚያስተሳስርበትን መጠን ነው። ትስስሩ ለልምምድ ጉልበት ይሰጣል፤ ብቸኛ ማንነት ሲሆን ግን ጉዳት ወይም ጡረታ ሲመጣ ሰውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ። ሩጫው ሲያበቃ አትሌትነቱ አላበቃም፤ ስሙ ከእግሮቹ ሰፋ ያለ ነበርና።

ከዚህ የሚከተለው ለተመራማሪዎች ቀላል አይደለም። መለኪያው ራስን እንደ አትሌት ከመቁጠር ይነሣል። ቃሉ እንዳለ ወደ አማርኛ ቢገባ፣ በየማለዳው የሚሮጠው የሙጃ ወጣት በትሕትና «አይደለሁም» ሊል ይችላል፤ መልሱም የማንነት መላላት ተደርጎ ይመዘገባል። ስለዚህ መጠይቁ «ትሮጣለህ?»፣ «ሯጭ ነህ?» እና «ሰዎች አትሌት ይሉሃል?» የሚሉትን ለየብቻ ሊጠይቅ ይገባል። በሦስቱ መልሶች መካከል ያለው ርቀት፣ አንድ ሰው ከሚሠራው ሥራ እስከሚሰጠው ስም ድረስ ምን ያህል እንደሚቀረው ያሳያል።