ስለ ብስክሌተኞች የውስጥ እግር ሕመም

በተራራ ብስክሌት የሚጓዙ ብዙዎች ጫማቸውን ከፔዳሉ ጋር ያያይዛሉ። ከሶሉ ሥር በብሎን የታሰረው ትንሽ ብረት ሲረገጥ ጠቅ ብሎ ይያዛል፤ ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር ይለቃል። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን ዓይነት ለተራራ ብስክሌት ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በድንጋያማ መንገድ እግር እንዳይንሸራተት እጅግ ይረዳል። ይሁን እንጂ ጥቂት እንደ ተጓዙ ውስጥ እግራቸው እንደ ፍም የሚያቃጥላቸው፣ ጣቶቻቸውም የሚደነዝዙባቸው ሰዎች አሉ።

ከጣቶች በስተኋላ አምስት ረዣዥም አጥንቶች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸውም ወደ ጣቶች የሚሄዱ ነርቮች ያልፋሉ። ብረቱ ትንሽ በመሆኑ የመርገጡ ኃይል በጠባብ ስፍራ ላይ ያርፋል። ጫማው ከጐን የጠበበ እንደ ሆነ ደግሞ አጥንቶቹ ተጠጋግተው ነርቮቹን ይጨምቃሉ። እግር በሙቀትና በረጅም ጉዞ ስለሚያብጥ፣ ጧት የተስማማው ጫማ ቀትር ላይ ሊጠብ ይችላል።

ሕመም የተሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ጫማ ሻጭ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መፍቻ ያንሣ እላለሁ። የብረቱን ስፍራ በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ተረከዝ ይሳበው፤ ኮርቻውም በጥቂቱ ዝቅ ማለት ያስፈልገው ይሆናል። በጣቶች በኩል ያለውን ማሰሪያ ያላላ። ሲረገጥ የሚታጠፍ ሶል ከሆነ ግን ጫማውን መለወጥ ይሻላል።

የስኳር በሽተኛ መደንዘዝን በፔዳሉ ብቻ አያሳብብ፤ ከጉዞ በኋላ ቍስል እንዳይኖር እግሩን ይመርምር። ከብስክሌት ወርዶም መደንዘዙ ያልለቀቀው ማንኛውም ሰው ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባዋል።