የመካ አዛን በቴሌቪዥን፣ የከሚሴ ፀሐይ በሰማይ

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት)

   

የዛሬውን ርእስ ያስመረጠን አንዲት እናት ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። ረመዷን በየካቲት ወር መጀመሪያ ሳምንታት በገባበት ጊዜ እኚህ እናት ቴሌቪዥናቸውን በሳዑዲው የቁርኣን ጣቢያ ላይ ከፍተው፣ ከመካ ሐረም በቀጥታ የሚተላለፈውን የመግሪብ አዛን ሲሰሙ ከልጆቻቸው ጋር በተምር ያፈጥሩ ነበር። «የሳዑዲና የኛ ሰዓት እኩል ነው፤ ልጄ ከጂዳ ስትደውልልኝ አንድ ሰዓት ላይ ነን» ይላሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የሰፈራቸው ሙአዚን አዛን የሚለው እሳቸው ቤት ተምሩ ተበልቶ፣ ሾርባው ሲቀርብ መሆኑን ልብ አሉና «ሙአዚኑ ዘግይቶ ነው ወይስ እኛ ቸኩለን?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የፊቅህ ጥያቄ ብቻ ቢመስልም በውስጡ ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ቦታ ተቀምጦ ለብዙ አገር ሕዝብ እንዴት ያስተላልፋል? ሲያስተላልፍስ የሚያስበው ማንን ነው? የሚለው ነው። እስኪ ከራሱ ከአዛኑ እንጀምር።

ከሚሴና መካ በካርታ ላይ ሲታዩ ሁለቱም ከ39 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ናቸው። ለዚህም ነው የከተማችን ቂብላ በቀጥታ ወደ ሰሜን የሆነው። በዚህ ምክንያት ዙህር በሁለቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ ይገባል ማለት ይቻላል። የመግሪብ ነገር ግን ይለያል። መካ ከኛ ይልቅ ወደ ሰሜን ርቃ በ21 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስትገኝ ከሚሴ ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ባለው ላይ ናት። ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር የክረምትና የበጋ ቀን ርዝመት ልዩነት ይሰፋል። በመሆኑም በታኅሣሥ ፀሐይ መካ ላይ የምትጠልቀው ከሚሴ ላይ ከመጥለቋ 20 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። በሰኔ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የመካ መግሪብ በዚያው ያህል ይዘገያል። በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንታት ልዩነቱ ወደ 10 ደቂቃ ነው። በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ነው እኩል የሚሆኑት። እንግዲህ እኚህ እናት የሰሙት አዛን ለመካ ሰው ትክክለኛ አዛን ነበር፤ የከሚሴ ፀሐይ ግን ገና አልጠለቀችም።

ጣቢያው ጥፋት አለበት? የለበትም። ጣቢያው ከሐረም የሚሰማውን ያስተላልፋል እንጂ ማን ቤት እንደተከፈተ አያውቅም። የሳተላይት ስርጭት ጠባዩ ይኸው ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከስቱዲዮ የወጣው ምስልና ድምፅ በትልቅ አንቴና ወደ ሰማይ ይላካል። ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው ሳተላይት ይቀበለውና መልሶ ወደ ምድር ይበትነዋል። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለኛ አንድ ቦታ የቆመ ይመስለናል፤ ዲሻችንንም አንድ ጊዜ አስተካክለን የምንተወው ስለዚህ ነው። ብርሃኑ የሚያርፍበት አካባቢ በሙሉ፣ ተጋበዘም አልተጋበዘም፣ ይቀበላል። ዓረብሳት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 በዓረብ ሊግ አባል አገሮች ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ሳተላይት በ1985 አመጠቀ። የግብፁ ኒልሳት በ1998 ተከተለ። ሁለቱም ለዓረብ አገሮች ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ቀይ ባሕር ለሳተላይት ምንም ማለት አይደለምና ወሎም ደረሱ።

በከሚሴ ጣሪያዎች ላይ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው ይህንን ያነባል። ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ አድማሱን የሚያየው ዲሽ ኒልሳትን የሚፈልግ ነው። ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነበለው የዓረብሳት ነው። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ደግሞ ኢትዮሳትን የሚቀበል ነው፤ ይህም የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ተስማምቶ የአገራችንን ጣቢያዎች የሰበሰበበት ነው። አንዳቸውም ወደ ቂብላ አይዞሩም። ይህንን ስንል ለጨዋታ ነው፤ አላህ አያድርገውና ዲሽን አይቶ ቂብላ የሚይዝ ሰው ይኖራል ብለን አይደለም።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንምጣ። ኤም ቢ ሲ የተባለው የሳዑዲዎች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለንደን ላይ ጀመረ፤ በ2002 ወደ ዱባይ፣ በ2022 ደግሞ ወደ ሪያድ ዋና መሥሪያ ቤቱን አዛወረ። ሥራው ሲሰፋ አንድ ጣቢያ ለሁሉም እንደማይበቃ ተረዳ። ለሕፃናት ኤም ቢ ሲ 3ን፣ ለዜና አል ዐረቢያን፣ ከዚያም ለግብፅ ኤም ቢ ሲ መስርን በ2012፣ ለኢራቅ ኤም ቢ ሲ ዒራቅን በ2019፣ በዚያው ዓመት ለሞሮኮና ለአልጄሪያ አካባቢ ኤም ቢ ሲ 5ን ከፈተ። ቋንቋው ሁሉም ዓረብኛ ነው። ታዲያ ለምን ለየው? ለባግዳድ ሰው የካይሮን ሳሙና ማስተዋወቅ ስለማይጠቅም ነው። በነፃ የሚታይ ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነውና ተመልካቹን በአገርና በገበያ ከፋፍሎ ለነጋዴ ያቀርባል። ፊልምና ስፖርትም ቢሆን የሚገዛው በአገር ተከፋፍሎ ነው፤ አንድ ጨዋታ በአንዱ አገር ተፈቅዶ በሌላው ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የከሚሴ ቤተሰብ የለም። የሩዙም የሻዩም ማስታወቂያ ለሪያድ እመቤት ነው የተሠራው። እኛ በሠርግ ቤት አጥር ላይ ሆነን ዘፈኑን እንደሚሰማ ሰው ነን። ይህ ማለት ግን አይነካንም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ስለማያውቀን ስለኛ የሚጠነቀቅ የለም።

ገንዘቡ ከማስታወቂያ ያልሆነም አለ። አል ጀዚራ እ.ኤ.አ. በ1996 በዶሓ የተከፈተው በኳታር መንግሥት ገንዘብ ነው፤ በ2006 የእንግሊዝኛውን ጣቢያ ጨመረ። የሳዑዲው የቁርኣን ጣቢያም የመንግሥት ነው። ከፋዩ ማን እንደሆነ ማወቅ ሐሜት አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት ስለ ወሬ ማጣራት የታዘዝነው በአፍ የሚመጣውን ብቻ አይደለምና፣ ዜና ስንሰማ «ይህንን ወጪ የሚችለው ማነው? ስለማን ሲሆን ዝም ይላል?» ብሎ መጠየቅ የማጣራት አንዱ ክፍል ነው።

የትርጉም ድራማን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። ኤም ቢ ሲ እ.ኤ.አ. በ2008 «ኑር» በሚል ስም አንድ የቱርክ ተከታታይ ድራማ በሶሪያ ዓረብኛ ድምፅ አስገብቶ አቀረበ። በቱርክ እምብዛም ያልተወራለት ድራማ በዓረቡ ዓለም ቤት ለቤት ተናኘ፤ የሳዑዲው ታላቅ ሙፍቲ ሸይኽ ዐብዱል ዐዚዝ ኣሊ ሸይኽ (አላህ ይዘንላቸው) በይፋ እስኪያወግዙት ደረሰ። ትምህርቱን ሌሎችም ወሰዱት። ከካቡል ተነስቶ ዱባይ የተቀመጠው ሞቢ ግሩፕ ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥንን ከፈተ። ድራማው የውጭ፣ ድምፁ አዲስ አበባ የተቀዳ አማርኛ ሆነ። የአገራችን የኪነ ጥበብ ሰዎች ሥራችንን ያጠፋል ብለው ያን ጊዜ ተቃውመው ነበር። የእኛ ሐሳብ ከሌላ ወገን ነው። ዓረብኛው ድራማ ሲታይ አያቶች አይገባቸውም ነበር፤ ልጆችም ግማሹን ነበር የሚረዱት። በአማርኛ ሲሆን ግን ቤቱ ሁሉ ይሰማል። በዞናችን ደግሞ በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚነጋገር ብዙ ነውና፣ ሕፃኑ የእናቱን ቋንቋ ትቶ በድራማ አማርኛ ሲመልስላት የሰማን ጊዜ አለ።

ፍርዳችን ግን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል፦ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የልጆች ጣቢያ ስፔስቱን ካርቱኖቹን በጥሩ ፉስሓ ዓረብኛ ያቀርብ ስለነበር፣ በመድረሳ ከኛ ዘንድ የነሕው ትምህርት ሲጀምሩ «ይህንንማ በካርቱን ሰምቼዋለሁ» የሚሉ ተማሪዎች ገጥመውናል። ሥራችንን አቅልሎልናል፤ አል-ሐምዱ ሊላህ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የፈትዋ ጉዳይ ነው። የቴሌቪዥን ሙፍቲ ለደወለለት ሰው ይመልሳል። ጠያቂው የሪያድ ነዋሪ ከሆነ ዘካተል ፊጥር በሩዝ ይባላል፤ ትክክል ነው። የከሚሴ ሰው ይህንን ሰምቶ ቤቱ ማሽላና ጤፍ እያለ ሩዝ ፍለጋ ገበያ ሲዞር ግን ፈትዋው ከቦታው ወጣ። ዑለሞቻችን ባስተማሩን የሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛኑ የአገሩ ዋና ምግብ ነውና። እንዲሁ በቴሌቪዥን የሚታየውን የሐረም ኢማም ከሳሎን ሆኖ ተከትሎ ተራዊሕ መስገድ አይሆንም፤ ኢማሙና ተከታዩ በአንድ ቦታ አልተገናኙምና። ማዳመጡ ግን መልካም ነው።

በሃይማኖት ስም የሚነግድም አለ። መድኃኒት የሚሸጥ፣ ስልክ አስደውሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ጣቢያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የግብፅ ባለሥልጣናት በኒልሳት ይተላለፉ የነበሩ አንዳንድ ጣቢያዎችን፣ ሃይማኖታዊውን አል ናስን ጨምሮ፣ አግደዋል። ቁልፉ በሳተላይቱ ባለቤትና ሳተላይቱ ባለበት መንግሥት እጅ መሆኑን ያን ጊዜ ብዙ ሰው አወቀ። ምሽት የነበረው ጣቢያ ጧት የለም፤ ዲሽ የሚሠሩት ልጆች ጣሪያ ላይ ወጥተው ቢያዞሩትም አይመጣም።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ፀሐይ ጠልቃለች ብሎ አስቦ ያፈጠረ ሰው ኋላ አለመጥለቋ ከተረጋገጠ፣ በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ የዚያን ቀን ቀዷ ያወጣል፤ ከፋራ ግን የለበትም፤ ባለማወቅ ነውና ኃጢአትም አይጻፍበትም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ለአቅመ አዳም ባልደረሱት ልጆች ላይ ምንም የለም። «ስንት ቀን ነበር?» ብለን ስንጠይቃቸው በጣታቸው ቆጥረው «ስድስት» አሉን። በሸዋል ጀምረው ጨርሰውታል፤ ትልቋ ልጃቸውም አብራ ጾመች። እ.ኤ.አ. በ2030 ረመዷን ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዱ በዓመቱ መጀመሪያ ቀናት፣ ሌላው በመጨረሻዋ ሳምንት። አላህ ካደረሰን ያን ጊዜ የመካ አዛን ከከሚሴ መግሪብ ወደ 20 ደቂቃ ይቀድማል። ቴሌቪዥናቸው አሁንም በዚያው ጣቢያ ላይ ነው፤ ተምሩ ግን የሚቀርበው የሰፈራቸው ሙአዚን «አላሁ አክበር» ሲል ነው።