ጠቀጠቀ፦ ጎተራን የሚጠብቅ፣ ሥርን የሚያፍን ቃል

የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ በጎጃምና በሸዋ ጤፍ አብቃይ አካባቢዎች ከብቶች በታረሰ ማሳ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲነዱ ማየት የተለመደ ነው። ከብቶቹ የሚረግጡት ለዘር የተዘጋጀውን አፈር ነው። አርሶ አደሩ ሥራውን «ማስረገጥ» ይለዋል፤ የተረገጠው አፈር ደግሞ «ተጠቀጠቀ» ይባላል። ይሁንና ይኸው ቃል የግብርና ባለሙያ የአንድ ማሳ ምርት ለምን እንደቀነሰ ሲያስረዳም ይነሣል። አንዱ ዘንድ ተለፍቶ የሚሠራው ነገር ሌላው ዘንድ የሚፈራ መሆኑ ግራ ሊያጋባ ይችላል።

ጠቀጠቀ እንደ ነቀነቀና ቀጠቀጠ ሁሉ ፊደላቱ የሚደጋገሙ ግስ ነው። ድርጊቱም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ መተው ሳይሆን ባዶ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ መጫን ነው። ጥጥ በትራስ፣ ልብስ በሻንጣ፣ እህል በጆንያ ይጠቀጠቃል። የከተማ ነዋሪ ቃሉን ይበልጥ የሚያውቀው ከታክሲ ሠልፍ በኋላ፣ ረዳቱ ከወንበሩ ቁጥር በላይ ሰው ሲጭን ነው። «ጨመቀ» ከሚለው ግስ ጋር ይቀራረባል፤ ግን አንድ አይደለም። የተጨመቀ ሎሚ ፈሳሹን ይሰጣል፤ የተጠቀጠቀ ነገር ግን በመጀመሪያ የሚያጣው አየሩን ነው።

ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው። አየር ጠላት በሆነበት ሥራ መጠቅጠቅ ግድ ነው። ለከብት መኖ የሚሆን ገፈራ የሚያዘጋጅ ሰው የተከተፈውን እርጥብ የበቆሎ አገዳ በጉድጓድ ውስጥ በየንብርብሩ አጥብቆ ይረግጣል፤ አየር የቀረበት ቦታ ይሻግታልና። ነቀዝን ለመከላከል በሚያገለግለው አየር በማያስገባ ከረጢት እህል የሚያስቀምጥ ገበሬም ከማሰሩ በፊት እህሉን ጠቅጥቆ የቀረውን አየር ያስወጣል። ተባዩ የሚሞተው በመርዝ ሳይሆን አየር በማጣት ነው። በከተማ ደግሞ የቤት ወለል ሙሌት አፈር በስሱ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየተርከፈከፈ ካልተጠቀጠቀ ውሎ አድሮ ዝቅ ይላል፤ ሲሚንቶውም ይሰነጠቃል። የውኃ ቧንቧ ተቀብሮበት አፈሩ ዝም ብሎ የተመለሰበት መንገድ በመጀመሪያው ክረምት የሚሰረጉደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሰብል ሥር ግን አየር ይሻል። ጤናማ የእርሻ አፈር ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ክፍት ቦታ ነው፤ በዚያ ውስጥ ውኃና አየር ይፈራረቃሉ። አፈሩ ሲጠቀጠቅ የሚጠፉት በቅድሚያ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ናቸው። ያን ጊዜ ዝናቡ ከመስረግ ይልቅ ማሳው ላይ ይተኛል፣ ወይም አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ሥሩም ወደታች መሄድ ሲያቅተው ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ዝናብ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥም ሰብሉ ቶሎ ይጠወልጋል። እርጥበቱ ከታች እያለ ሥሩ አይደርስበትም።

ታዲያ ጤፍ ለምን ይረገጥለታል? መልሱ ያለው በዘሩ መጠን ነው። 1 ግራም ጤፍ ከ2,500 በላይ ፍሬ ይይዛል። እንዲህ የደቀቀ ዘር በጓልና በለስላሳ አፈር መካከል ከወደቀ ጠልቆ ይቀራል፤ መብቀል ያቅተዋል። መርገጡ የላይኛውን ስስ ንብርብር አጥብቆ ዘሩን ከእርጥበት ጋር ያገናኘዋል፣ አረሙንም ይደፍቃል። ነገሩ ከነዕዳው ነው፤ በተዳፋት መሬት ላይ የተረገጠ ማሳ ለጎርፍ የተመቸ ነው።

አሳሳቢው መጠቅጠቅ ዓይን የማያየው፣ ከታች ያለው ነው። ማሳ ከዓመት ዓመት በአንድ ዓይነት ጥልቀት ሲታረስ፣ ማረሻው ከሚደርስበት በታች፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ጠጣር ንብርብር ይፈጠራል። ርጥብ ማሳ ላይ የሚሰማራ ከብትና የሚገባ ትራክተር ያብሰዋል። ዋልካ አፈር በተለይ እርጥብ ሳለ ሲረገጥ ቶሎ ይጎዳል። ከዚህ በተቃራኒ «ጥቅጥቅ» የሚባለው ደን ከላይ እንጂ ከሥር ጥቅጥቅ አይደለም፤ በአብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ያለው አፈር ከአጥሩ ውጭ ካለው የግጦሽ መሬት ይልቅ ለእግር የሚለሰልሰው ቅጠሉ ስለሚበሰብስበትና እምብዛም ስለማይረገጥ ነው።

ንብርብሩ መኖሩን ለማወቅ የክልል ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ዝናብ ከጣለ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ቀጭን የብረት ዘንግ ቀጥ አድርጎ ወደ መሬት መግፋት ይበቃል። ዘንጉ በቀላሉ ገብቶ ድንገት ከቆመ፣ በሌላ ቦታም በዚያው ጥልቀት ከቆመ፣ ድንጋይ ሳይሆን የተጠቀጠቀ አፈር ነው። መድኃኒቱ ፈጣን አይደለም። ፍግና ኮምፖስት መጨመር፣ ልቅ ግጦሽን ቢያንስ መሬቱ እርጥብ በሆነበት ወቅት ማቆም፣ እንደ ግብጦ ያለ ሥሩ ወደታች የሚዘልቅ ሰብል ማፈራረቅ ይረዳል። ጠለቅ አድርጎ ማረስም ንብርብሩን ይሰብራል፤ ነገር ግን መሬቱ እርጥብ ሆኖ ከታረሰ መልሶ ይጠቀጠቃል።

ስለዚህ በሬ ከመጥመድ በፊት ከማሳው ከማረሻው ጥልቀት አፈር አንሥቶ በጭብጥ መያዝ ይገባል። የተድበለበለው አፈር በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረካከሰ ለእርሻ ደርሷል፤ እንደ ሊጥ ከተለጠጠና እጅ ላይ ከተጣበቀ ግን ጥቂት ቀን መጠበቅ ይሻላል።